ምድር እንዳዘነበለች ትዞራለች፦ ስለ ወቅቶችና ስለ ቀን ርዝመት የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ለፀሐይ በጣም ትቀርባለች። መቼ ይመስላችኋል? ታኅሣሥ 25 ገደማ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 አካባቢ ማለት ነው። ያኔ ከፀሐይ የሚለየን 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ ማብቂያ፣ ጁላይ 4 አካባቢ ነው። ርቀቱም ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

አሁን ልብ በሉ። ምድር ለፀሐይ በምትቀርብበት በዚያው ሳምንት ካናዳና ሰሜን አውሮፓ በበረዶ ተሸፍነዋል። በምትርቅበት ሳምንት እዚያው ሙቀት ነው። በተቃራኒው ሲድኒና ቦነስ አይረስ በጃንዋሪ ይሞቃሉ፣ በጁላይ ይበርዳቸዋል። ርቀቱ ለመላዋ ምድር አንድ ነው። ታዲያ ያው አንድ ርቀት በአንድ ጊዜ ግማሹን አሙቆ ግማሹን እንዴት ያቀዘቅዛል? አይሆንም። ነገሩ ከርቀት የመጣ አይደለም።

ርቀት ነው ብሎ ማሰብ ግን የሚገርም አይደለም። እሳት ስንጠጋ ይሞቀናል፣ ስንርቅ ይበርደናል። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ይህንን ነው። ችግሩ ለምድር የማይበቃ መሆኑ ነው።

የ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ጭራሽ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። በጃንዋሪ ወደ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ከጁላይ በ7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህ ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን «ምድር 23.5 ዲግሪ አዘንብላለች» ተብለናል። ትክክል ነው። ጠጋ ብለን ስንለካው ዛሬ 23.4 ዲግሪ ነው። እኔ ግን ይህ መልስ እንዲሁ ሲነገር ግማሹ ይቀራል ባይ ነኝ። ማዘንበሏ ብቻውን ወቅት አያመጣም። ወቅት የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምታዘነብል ነው። ዛሬ ማታ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ይዛችሁ ትሄዱ ዘንድ ብመርጥ ይህንን እመርጣለሁ።

እስቲ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መብራት ፀሐይ እንበለው። በእጄ የያዝኩት ኳስ ምድር ነው። በመሐሉ ያለፈው ዱላ ደግሞ ዘንጓ ነው። የዱላውን ጫፍ ወደዚያ ወደ በሩ አዘነብለዋለሁ። አሁን መብራቱ በእኔና በበሩ መካከል ነው። ስለዚህ የኳሱ የላይኛው ግማሽ ወደ መብራቱ ጎንበስ ብሏል። ይህ ሰኔ 14፣ ጁን 21 ገደማ ነው። ሰሜን ንፍቀ ክበብ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቷል።

መብራቱን ዞሬ ወደ በሩ በኩል ልሂድ። ዱላውን አልነካውም፤ አሁንም ወደ በሩ እንዳዘነበለ ነው። አያችሁ? ያው ዱላ፣ ያው አቅጣጫ፣ የኳሱ የላይኛው ግማሽ ግን አሁን ከመብራቱ ሸሽቷል። ይህ ታኅሣሥ 12፣ ዲሴምበር 21 ገደማ ነው። አሁን ብርሃኑን የሚቀበለው የታችኛው ግማሽ ነው። ዱላው ቦታውን አልቀየረም። የተቀየረው እኔ የቆምኩበት ቦታ ነው።

በሁለቱ መሐል ስቆም ዱላው ወደ መብራቱም ከመብራቱም አያዘነብልም፤ ወደ ጎን ነው። መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ እንዲህ ናቸው። ቀንና ሌሊት በመላው ዓለም ወደ እኩል የሚጠጉት በነዚህ ቀናት ነው።

አሁን ደግሞ የተሳሳተውን ላሳያችሁ። ስዞር ዱላውንም አብሬ እያዞርኩ ሁልጊዜ ወደ መብራቱ እንዲያዘነብል ላድርገው። ምን ሆነ? የላይኛው ግማሽ ዓመቱን ሙሉ ብርሃን ላይ ነው። 23.4 ዲግሪው እንዳለ ነው፤ ወቅት ግን የለም። ማዘንበሏ ብቻውን አይበቃም ያልኩት ለዚህ ነው።

ምድር አቅጣጫዋን የማትቀይረው ለምንድን ነው? በራሷ ዙሪያ የሚሽከረከር አካል፣ አጥብቆ የሚጠመዝዘው ኃይል እስካላገኘ ድረስ ዘንጉን አይለቅም። ምድር ደግሞ በጣም ከባድ ናት፤ ሽክርክሯም ብርቱ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ትንሽ ይጎትቷታል። የጉተታቸው ውጤት ግን የሚታየው በሺህ ዓመታት ነው፣ በወራት አይደለም። ማረጋገጫው ሰማይ ላይ አለ። የምድር ዘንግ የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ኮከብ አጠገብ ነው፤ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ብቻ አለው። በሰኔም በታኅሣሥም ያው ኮከብ ነው። በሁለቱ መሐል ምድር ከፀሐይ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ፣ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተሻግራለች።

እሺ፣ አዘነበለች፤ አቅጣጫዋም አልተቀየረም። ይህ ሙቀትና ብርድ የሚሆነው እንዴት ነው? በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፀሐይ የምትወጣበት ከፍታ፣ ሁለተኛው የቀን ርዝመት።

ከፍታውን በጥላ እንየው። አንድ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ቦታችሁ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50 ዲግሪ ነው እንበል። ሰኔ 14 በእኩለ ቀን ጥላው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ታኅሣሥ 12 በዚያው ሰዓት ጥላው 3 ሜትር ከ35 ይሆናል። ያው ዱላ፣ ያው መሬት ነው። ፀሐይ በሰኔ 63 ዲግሪ ከፍ ብላ ነበር፤ በታኅሣሥ ግን ከአድማስ 17 ዲግሪ እንኳ አትሞላም።

ይህ ለሙቀት ምን ማለት ነው? ከፀሐይ የሚመጣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብርሃን ምሰሶ አስቡ። ከአናት በቀጥታ ሲወርድ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያርፋል። በ30 ዲግሪ ከፍታ ሲመጣ ሁለት ካሬ ሜትር ላይ ይበተናል። በ17 ዲግሪ ደግሞ ሦስት ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ። ብርሃኑ ያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሬ የሚደርሰው ድርሻ ግን ያንሳል። በዚያ ላይ ጨረሩ ጋደም ሲል በአየር ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፤ መሬት ሳይደርስ ብዙው ይባክናል።

የቀን ርዝመቱ ይጨመርበት። በ50 ዲግሪ ሰሜን በሰኔ ቀኑ 16 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ 8 ሰዓት ብቻ። ሁለቱ ነገሮች አብረው ነው የሚሠሩት። ፀሐይ ከፍ የምትልበት ወቅት ረጅም የምትቆይበትም ወቅት ነው። ዝቅ የምትልበት ወቅት ቶሎ የምትሰናበትበትም ነው። ሁለቱ ሲባዙ፣ በዚያ ኬክሮስ የሰኔ አንድ ቀን ከታኅሣሥ አንድ ቀን ከ5 እጥፍ በላይ የፀሐይ ኃይል ከከባቢ አየር በላይ ያገኛል። ያን 7 በመቶ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ርቀቱ የትም አይደርስም።

አሁን ዱላውን ይዘን ወደ 10 ዲግሪ ሰሜን እንውረድ። እኔ የበለጠ የምወደው ይህን ነው። ታኅሣሥ 12 በእኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን 66 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መጋቢት 11 ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ሚያዝያ 8 ገደማ ጥላው ይጠፋል! ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ጥላው በሌላው በኩል፣ ወደ ደቡብ ይወጣል። ሰኔ 14 ወደ ደቡብ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተመልሶ ነሐሴ 22 ገደማ እንደገና ይጠፋል። በሐሩር ክልል ውስጥ ያለ ቦታ ሁሉ ፀሐይን በዓመት ሁለት ጊዜ አናቱ ላይ ያገኛታል። ከ23.4 ዲግሪ ወዲያ፣ በሰሜንም በደቡብም ያለ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ አንዴም አያገኛትም።

በ10 ዲግሪ የሰኔና የታኅሣሥ የፀሐይ ኃይል ልዩነት 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሐሩር ክልል ወቅት የሚለየው በብርድና በሙቀት ሳይሆን በዝናብ የሆነው። ዝናቡም ቢሆን ከማዘንበሉ ነጻ አይደለም። ፀሐይ አብዝታ በምታሞቀው መስመር አካባቢ አየር ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል። እርጥብ አየር ከሰሜንም ከደቡብም ይተካዋል፤ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ይህ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ፣ ትንሽ ሳምንታት እየዘገየ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ተራራና ባሕር ቅርጹን ያጣምሙታል እንጂ የሚነዳው ያው 23.4 ዲግሪ ነው።

ወደ ቀን ርዝመት ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ኳሱን እንደገና እዩት። መብራቱ ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ያበራል። ብርሃኑንና ጨለማውን የሚለይ አንድ መስመር አለ። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስትሽከረከር እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ክብ ይዞራል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከዚያ ክብ ውስጥ ምን ያህሉ በብርሃን፣ ምን ያህሉ በጨለማ ያልፋል?

የምድር ወገብን ክብ የብርሃኑ መስመር ሁልጊዜ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። ዘንጉ እንደፈለገ ቢያዘነብል ለውጥ የለውም። ስለዚህ እዚያ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ባልን ቁጥር ግን መስመሩ ክቡን አዛብቶ ይቆርጠዋል። በሰኔ ትልቁ ቁራጭ ብርሃን ውስጥ ነው፤ በታኅሣሥ ትንሹ። በ10 ዲግሪ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መሐል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ነው። በ60 ዲግሪ ረጅሙ ቀን ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል፤ አጭሩ 6 ሰዓት አይሞላም። ከ66.6 ዲግሪ በላይ፣ በአርክቲክ ክበብ ውስጥ፣ ክቡ በሰኔ ሙሉ በሙሉ ብርሃን ውስጥ ይገባል። መስመሩ አያገኘውም። ፀሐይ አትጠልቅም። ዋልታው ላይ ደግሞ አንዴ ከወጣች ስድስት ወር ገደማ ትቆያለች፤ አንዴ ከጠለቀችም ስድስት ወር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሰኔ 14 ከምድር ሁሉ ብዙ የፀሐይ ኃይል በቀን የሚያገኘው የትኛው ቦታ ነው? የሰሜን ዋልታ ነው። ከከባቢ አየር በላይ ሲለካ፣ በቀኑ አማካይ በካሬ ሜትር 520 ዋት ገደማ ያገኛል። የምድር ወገብ በዚያው ቀን 385 አካባቢ ነው። ፀሐይ ዋልታው ላይ 23.4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብትልም 24 ሰዓት ሙሉ አትጠፋም። ታዲያ ለምን አይሞቅም? በረዶው አብዛኛውን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። የሚቀረውም በረዶ በማቅለጥ ያልቃል። ጋደም ያለው ጨረርም በአየሩ ውስጥ ይዳከማል።

ቀኑ በየዕለቱ እኩል አይጨምርም። በመጋቢትና በመስከረም አጋማሽ ለውጡ ፈጣን ነው። በ50 ዲግሪ በቀን 4 ደቂቃ ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ ግን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በሰኔና በታኅሣሥ ጫፍ ላይ ለውጡ የትም ቢሆን ሊቆም ይደርሳል።

ደግሞ «እኩል ቀን» የሚባለው ቀን ልክ 12 ሰዓት አይደለም። የምድር ወገብ ቀን እንኳ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ነው። አንደኛ፣ ፀሐይ ወጣች የምንለው የላይኛው ጠርዟ ብቅ ሲል ነው። ሁለተኛ፣ አየሩ ብርሃኗን ስለሚያጎብጠው ከአድማስ በታች ሆና እያለ ትታየናለች። ጠዋት ስትወጣ የምናያት ፀሐይ ገና አልወጣችም ማለት ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀኑ ካጠረ፣ ብርዱስ ለምን በጥር ይበረታል? መሬትና ባሕር ቶሎ አይሞቁም፣ ቶሎም አይቀዘቅዙም። ከሚገባው ሙቀት የሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ቅዝቃዜው ይቀጥላል። ባሕር ከየብስ በላይ ስለሚዘገይ ደሴቶችና የባሕር ዳርቻዎች የበለጠ ይዘገያሉ።

ወደ 7 በመቶው ልመለስ ብዬ ነበር። የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ አይደለም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 እንዳሳየው ፕላኔቶች የሚዞሩት በሞላላ መንገድ ነው፤ ለፀሐይ ሲቀርቡም ይፈጥናሉ። ምድር በጃንዋሪ በሰከንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፣ በጁላይ 29.3። ስለዚህ ወቅቶቹ እኩል አይደሉም። ከመጋቢት እኩል ቀን እስከ መስከረም እኩል ቀን 186 ቀናት ናቸው፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት 179 ብቻ። የግሪኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርከስ የወቅቶቹን አለመመጣጠን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ያውቀው ነበር። ምክንያቱን ግን ዓለም ለማወቅ ኬፕለርን መጠበቅ ነበረበት።

የምድር ቅርበት ከደቡቡ ሞቃት ወቅት ጋር ስለተገጣጠመ ደቡቡ በጣም መሞቅ ነበረበት። አልሆነም። ደቡብ ንፍቀ ክበብ በአብዛኛው ባሕር ነው፤ ባሕር ሙቀቱን ይውጠዋል። ሰሜኑ ብዙ የብስ አለው፤ የብስ ቶሎ ይግላል። ለዚህ ነው ምድር በጠቅላላው ስትለካ የምትሞቀው ከፀሐይ በራቀችበት በጁላይ የሆነው።

ይህ መገጣጠም ግን ዘላለማዊ አይደለም። ዘንጓ ዓመቱን ሙሉ አቅጣጫውን አይቀይርም ብያለሁ። በሺህ ዓመታት ግን ይቀይራል። የጨረቃና የፀሐይ ጉተታ ዘንጉን ቀስ አድርጎ በሰማይ ላይ ክብ እንዲዞር ያደርገዋል፤ አንዱ ዙር 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከ12,000 ዓመት በኋላ ዘንጉ የሚጠጋው ለዛሬው ሰሜን ኮከብ ሳይሆን ቬጋ ለተባለው ደማቅ ኮከብ ይሆናል። በዚህ ላይ ምሕዋሩ ራሱ ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ወቅት በ21,000 ዓመት ገደማ ውስጥ መላውን ዓመት ያዳርሳል።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሒሳብ አይደለም። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በሰሜኑ ሞቃት ወቅት ነበር። ሰሜን አፍሪካ በዚያ ወቅት ከዛሬ የበለጠ ይግል ነበር። የዝናብ ቀበቶው ሽቅብ ወደ ሰሜን ተስቦ ገባ። ሰሃራ ሣር አበቀለ፤ ሐይቆች ሞሉ። ጉማሬና አዞ ዛሬ አሸዋ ብቻ ባለበት ይኖሩ ነበር፤ አጥንታቸው ተገኝቷል። ሰዎች ከብት ያግዱ ነበር፤ በዓለት ላይ የሣሏቸው ከብቶች እስከ ዛሬ አሉ። ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ አብዛኛው ነገር አበቃለት። ፀሐይ አልደከመችም። ቅርበቱ ወደ ሌላ ወቅት እየተሻገረ ነበር። ሰባት በመቶ የምንላት ያቺ ልዩነት ቦታዋን ስትቀይር በረሃን ሜዳ፣ ሜዳን በረሃ ታደርጋለች።

የማዘንበሉ መጠንም በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ በ41,000 ዓመት ገደማ በ22.1 እና በ24.5 ዲግሪ መሐል ይመላለሳል። ይህ ጠባብ ክልል ዕድል ነው። ዩራነስ 98 ዲግሪ ተጋድማለች። 84 ዓመት በሚፈጀው ዙሯ ዋልታዎቿ እያንዳንዳቸው 42 ዓመት ገደማ ብርሃን፣ 42 ዓመት ገደማ ጨለማ ያያሉ። ጁፒተር 3 ዲግሪ ብቻ አዘንብላ ወቅት አልባ ልትባል ምንም አይቀራትም። ማርስ ዛሬ 25 ዲግሪ ናት፤ እንደኛው ትመስላለች። በሚሊዮን ዓመታት ግን ማዘንበሏ በብዙ አሥር ዲግሪዎች ይዋዥቃል፤ እንደኛዋ ያለ ትልቅ ጨረቃ የላትም። የኛን ዘንግ የምታረጋጋው ጨረቃ ናት።

በአሁኑ ጊዜ የምድር ማዘንበል እየቀነሰ ነው። ቅነሳው በጣም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መሬት ላይ ይለካል። ፀሐይ በሰኔ አናት ላይ የምትደርስበት የመጨረሻው የሰሜን መስመር በየዓመቱ 15 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ርዝመት ለማስላት የተነሣው፣ በረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሲዬኔ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ ጥላ አይታይም መባሉን ይዞ ነው። በዚያን ጊዜ መስመሩ ለከተማዋ ቅርብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። ለመጪዎቹ 10,000 ዓመታት ገደማም እየወረደ ይቀጥልና ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሰሜን መመለስ ይጀምራል።